መተንፈሻውን የዘጋሁበት ድንኳን

ጥር እያለቀ ነበር፤ ዳላስ ውስጥ ሰው ገና በሹራብ ይወጣል። እኔና ጌታሁን ከፎርት ዎርዝ በስተሰሜን ምዕራብ ሁለት ሰዓት ነድተን አንድ የከብት እርባታ ገባን። የዱር አሳማ መሬቱን እየፈነቀለ ባለቤቱን አስመርሮት ስለነበር «የቻላችሁትን ግደሉልኝ» ብሎናል። ሥጋውን አንበላም፤ እኛን የወሰደን አደኑ ራሱ ነው።

ጌታሁንን እናንተ የምታውቁት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ዝም ብሎ ሲቆም ነው። ያኔ ሆስፒታል ደም ይቀዳ ነበር። ነርሶች ሦስቴ ወግተው ያጡትን ደም ስር እሱ በጣቱ ጫፍ ብቻ ዳስሶ ያገኘዋል። ቤቱን ያስተዳድር የነበረው በዚያ ጣት ነው፤ ይኮራ የነበረውም በሱ።

ዕቃውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። «ለብርድ የሚሆን ድንኳን ይምረጡልን» ስትሉኝ ፊቴ የተለዋወጠው ለዚህ ነው። ለሁለት ሰው ስድስት የሚያስተኛ ገዛሁ፤ ሰፊ ቤት ማን ይጠላል? ሁለት ገላ ግን ያን ሁሉ ባዶ አያሞቅም። ስሊፒንግ ባጎቹ፣ የምንተኛባቸው ከረጢቶች፣ የዳክዬ ላባ የተሞሉ ነበሩ። ላባ ከረጠበ ማሞቁ እንደሚቀር አላወቅኩም።

ማታ ላይ ሰማዩ በሰሜን በኩል ጠቆረና ንፋሱ ተነሳ። እኔ የድንኳኑን መተንፈሻዎች አንድ በአንድ ስዘጋ፣ ጌታሁን የመመሪያውን ወረቀት ይዞ ቆሟል።

«ቬንቱ ክፍት ይሁን ይላል እኮ። ሶ፣ ለምን ትዘጋዋለህ?»

«በዚህ ብርድ? ንፋስ ይምታን እንዴ!»

«ኦኬ፣ አንተ ካልክ» አለና ወረቀቱን አጠፈው።

እንግዲህ አውቶብስ ውስጥ መስኮት ሲከፈት የምንጮህ ሰዎች ነን። ባጉን እንደ ጋቢ ተከናንበን ተኛን። ትንፋሻችን መውጫ አጥቶ ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆነ፤ ተንጠባጠበብን። አፋችን ሥር ያለው ላባም ራሰ። ስንነሳ ጣሪያው አመዳይ ለብሷል፣ ጓንቶቻችን እርጥብ ናቸው፣ ጥርሳችን ይንገጫገጫል። «ስንመለስ ይደርቃል» አልኩ፤ ወጣን።

ዱካውን ጅረቱ ዳር አገኘነው። ትኩስ ነው፤ የተፈነቀለው አፈር ገና በረዶ አልያዘውም። ቀድሜ ጥሻው ውስጥ ስገባ አሳማው ከአሥር እርምጃ ላይ ወጣብኝ። ተኮስኩ፤ ሳትኩ። በክራንቻው ባቴን ተረተረኝና ወደቅኩ። ዞሮ ሲመጣ ጌታሁን ከኋላዬ ምላጩን ለመሳብ ይታገላል፤ እርጥቡ ጓንት በረዶ ሠርቶ ጣቱ አልታጠፍ ብሎታል። ሁለቱንም ጓንት በጥርሱ ስቦ አወለቀና ወረወራቸው። በባዶ ጣቱ ተኮሰ። አሳማው እግሬ ሥር ወደቀ።

ጓንቶቹ ጅረት ውስጥ ገብተዋል። የኔን እንዳልሰጠው፣ ቁስሌን ይዤበት በደም ርሷል። በቀበቶዬ አንጠልጥሎ ይወስደኝ ጀመር።

«ጌቱ፣ እጅህን ኪስህ ክተት።»

«ብለቅህ ትወድቃለህ።»

አንድ ሰዓት ያህል እንዲያ ሄድን። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ጣቶቹ ነጥተዋል። ባጉ ውስጥ ልንከታቸው ስንዘረጋው ላባው ግግር በረዶ ሆኗል፤ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሏል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኳቸው፤ የኔም ገላ ቀዝቅዞ ነበር። ስልኩ አይሠራም፣ የመጣንበት ፒካፕ መኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ ማዶ የእርባታው በር ጋ ነው። እዚያ ድንኳን ውስጥ ተስፋዬ ተቆረጠ፤ እስከ ዛሬም አልተቀጠለም።

በመጨረሻ ከዚያ ወጥተን ታከምን፤ ጣቶቹ አልተቆረጡም። ስሜታቸው ግን አልተመለሰም። ወራት ቆይቶ ቤቴ መጣ። ክንዴን ዘረጋሁለት፤ ላይ ታች ዳሰሰኝ፣ ደግሞ ዳሰሰኝ። ደም ስሬ የት እንዳለ ሊነግረኝ አልቻለም።

«ማለቴ… ሌላ ሥራ አላጣም» አለ፣ እጁን ወደ ኪሱ እየከተተ። አሁን ኧርቪንግ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥባል። አንድ ቀን እንኳ «አንተ ነህ» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ድንኳን ስትገዙ ጠባብ ግዙ። ከላይ ያለውን መተንፈሻ ክፈቱት፤ ፊታችሁን ከባጉ አውጥታችሁ ተኙ። ይሄ ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ለኔም ተነቦልኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ልብ ብላችሁ እዩት። ሲጨብጠኝ አቀርቅሮ እጃችንን ያያል። መጨበጡን የሚያውቀው አይቶ ነው።