ከቅል የሠራሁት ድምፅ ማጉያ

አጎቴን ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን እሱ ይበቃዋል። ወንድሙ አባታችን ከሞተ በኋላ መሬታችንን የሚያርሰው እሱ፣ ቤታችን ሲመጣ መደቡ ላይ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጠው እሱ፣ ታላቅ እህቴን በደላላ ጅዳ የላካትም እሱ ነው። እኔን ሊልከኝ አልደፈረም። «የዚችን አፍ ሳውዲ አይችለውም» እያለ በሰው ፊት ይስቅብኝ ነበር። ያኔ ከባሌ ተፋትቼ ቆቦ እናቴ ቤት ከተመለስኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባሌን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ አጎቴ ግን ለጠየቀው ሁሉ «ገበያ ውላ እንደተመለሰች ፍየል መጣችልን» ይል ነበር።

ታላቅ እህቴ መጻፍ አታውቅም። ስለዚህ ደብዳቤዋ ካሴት ነበር፤ ድምፅዋን ትቀዳና ወደ አገር በሚመለስ ሰው እጅ ትልካለች። ከመጀመሪያው ካሴት ጋር ዎክማንም ላከች፤ ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የምታሰማ ጥቁር ቴፕ። በኛ ሰፈር ጅዳ ሰው ያለው ቤት ሁሉ ካሴት ይመጣለት ነበር። ዘመድ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፣ በትልቅ ቴፕ ይሰማል፣ አልቅሶ መርቆ ይበተናል። እናቴ ግን ብቻዋን ነበር የምትሰማው። ማዳመጫውን በሻርፗ ሸፍና ጓዳ ትገባለች፤ ስትወጣ «ደህና ነኝ ነው የምትለው፣ አልሐምዱሊላህ» ትለንና ካሴቱን ሳጥኗ ውስጥ ትቆልፍበታለች። ይሄ ነገር ቆሽቴን ያሳርረው ነበር። ያቺን ዎክማን በሕይወት ያቆየኋት እኔ ነኝ እኮ።

ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ነበር የምትበላው፤ እነሱን ደግሞ ሳትውል ሳታድር ትጨርሳቸዋለች። ሸንበቆ ቆረጥኩ፤ ውስጡን ሞርጄ ሁለት ትልልቅ የእጅ ባትሪ ድንጋዮች አከታትዬ ከተትኩበት። ጫፍና ጫፉን ከቲማቲም ቆርቆሮ በቆረጥኩት ክብ ዘጋሁና ከተቃጠለ ሬዲዮ በነቀልኩት ሽቦ ከዎክማኗ ጋር አገናኘሁት። ድንጋዩ ሲደክም ጣሪያ ላይ አሰጣዋለሁ፤ የቆቦ ፀሐይ ለዚህ አታንስም። የውስጥ ቀበቶዋ ሲላላ ከብስክሌት ካላማዳሪያ ቀጭን ቀለበት ቆርጬ ተካሁላት። የማዳመጫው ስፖንጅ ሲበጣጠስ ከአሮጌ ፍራሽ ቀድጄ ሰፋሁለት። ካሴቱን ወደ ኋላ የማጠነጥነው በእስክሪብቶ ነበር፣ ድንጋይ እንዳይበላ። አሁን ልጆች ማዳመጫ ሲበላሽባቸው ይጥሉታል። ያኔ የሚጣል ነገር አልነበረም። አጎቴ ይሄን ሁሉ እያየ «ባሏን ማቆየት ያቃታት ድንጋይ ታቆያለች» አለኝ፤ አብረውት የመጡት ሰዎችም ሳቁ።

በመጨረሻ ድምፅ ማጉያ ሠራሁ። ከሞተ ሬዲዮ ስፒከር ፈታሁ፣ የትልቅ ቅል አፍ አስፍቼ ቆረጥኩና በሙጫና በክር አሰርኩበት፣ ሽቦውን ከአሮጌ ማዳመጫ መሰኪያ ጋር ቀጠልኩት። የዎክማኗ ቀዳዳ አንድ ስለሆነ ቅሉ ሲሰካ ማዳመጫው ይወጣል። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር። ሰው ጭጭ ካለ ግን ቤቱን ያዳርሳል። በመንዙማ ካሴት ሞክሬው ልቤ ቅቤ ጠጣ። እናቴ አየት አድርጋው ወደ ሥራዋ ሄደች።

በዚያው ሰሞን አጎቴ እሷንም ጅዳ ሊልካት ዓይኑን ትንሿ እህቴ ላይ ጣለ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። «እህቷ እዚያ ሆና ምን ያስፈራል?» እያለ እናቴን ወጥሮ ያዛት። እንቢ ብትል መሬቱ በእጁ ነው፤ እሺ ብትል ልጇ ልትሄድባት ነው። «ታላቋ ምን እንደምትል ልስማና እነግርዎታለሁ» እያለች ቀን ትገፋ ነበር። እኔም ልጅቷ እንድትሄድ አልፈልግም ነበር፤ ይሄ ይታወቅልኝ። ጡት ከጣለች ጀምሮ እኔ ጀርባ ላይ ነው ያደገችው።

ካሴቱ የደረሰን ከሐጅ በተመለሰች ጎረቤታችን እጅ ነው። ቀን ነበር፣ ዙሁር ከተሰገደ በኋላ። ሴትዮዋን ገና እንኳን ደህና መጣሽ ብለን ሳንጨርስ አጎቴ ከተፍ አለ፤ ማን እንደነገረው አላህ ይወቅ።

«በሉ አሰሙና። ቃሏን ስትጠብቂ አልነበር?» አላት እናቴን።

«ኢንሻአላህ በኋላ እሰማዋለሁ። ድንጋዩ አልቋል» አለች እናቴ።

«ድሮስ የዚች ቅራቅንቦ መች ሠርቶ ያውቅና» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ያንን ቅል ውሃ ቅጂበት እንጂ።»

ደሜ ፈላ። «ምን ሲደረግ ያልቃል፤ ከነጋ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ውሎ አሁን ነው የከተትኩት» አልኩ። እናቴ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። በእንግዳ ፊት ስለጮህኩ የተቆጣችኝ መሰለኝና ጭራሽ ባሰብኝ። ካሴቱን ከጭኗ ላይ አንስቼ አስገባሁት፣ ቅሉን መሀል ወለሉ ላይ አስቀምጬ ሰካሁት። «ዝም በሉ» አልኳቸው ሁሉንም፣ በር ላይ የቆመችውን ትንሿን እህቴንም ሳይቀር። ዝም አሉ።

«እማ» አለች ታላቅ እህቴ ከቅሉ ውስጥ። «ብቻሽን ነሽ አይደል?»

እናቴ እጇን ስትዘረጋ አጎቴ ቀድሞ ዱላውን በእጇና በቅሉ መካከል አጋደመው። «ተያት፣ ትናገር» አለ። እኔ ቅሉ አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት። ሽቦዋን አንዴ ሳብ ባደርጋት ነገሩ ያከትም ነበር። አልሳብኳትም። ወላሂ፣ በዚያች ደቂቃ የማስበው ድምፁ እንዴት ጥርት እንዳለ ነበር። የሱን ፊት እያየሁ በሆዴ «ይኸው ሠራልህ» እለዋለሁ።

«በሩን አሁንም ከውጭ ነው የሚቆልፉብኝ» አለች እህቴ። «ያለፈውን የነገርኩሽን ለልጆቹ እንዳትነግሪ፣ አደራ። ትንሿን ግን እንዳትሰጪው። ታጭታለች በይውና ዞብል ያለው ወንድምሽ ቤት ላኪያት። እዚያ ድረስ አይከተላትም። ቶሎ አድርጊው እማ፣ እሱ ሳይሰማ።»

ለካስ «ደህና ነኝ» የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። እናቴ ያንን ሁሉ ካሴት ብቻዋን ስትውጠው የኖረችው እኛ እንዳንሰማ ነበር። እኔ ደግሞ ደበቀችኝ ብዬ ስንት ቀን አኩርፌያታለሁ።

አጎቴ አልጮኸም። ዱላውን አነሳ፣ ጎንበስ ብሎ ዎክማኗን ራሱ አጠፋት። ጎረቤታችን ቀስ ብላ ተነስታ ወጣች። «ታጭታለች ልትዪኝ ኖሯል» አላት እናቴን በለሆሳስ። ከዚያ እጁን ራሴ ላይ ጫነ። በዕድሜው መርቆኝ አያውቅም ነበር። «እጅሽ ይባረክ። አንቺ ባትኖሪ ልጅቷን አጥተናት ነበር» አለኝ። ከልቡ ነበር የተናገረው፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

ትንሿ ጅዳ እስክትሄድ ድረስ እሱ ቤት ትቀመጣለች ብሎ እዚያው ቆረጠ። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች። «መሬቱን ይውሰዱት፣ ልጄን ይተዉልኝ» አለችው። «መሬቱማ መች ከእጄ ወጣ?» አላት። እኔ የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። አንቱታው ያን ቀን ቀረ። የአስፋልቱ መንገድ ላይ ሰው ቆሞ እስኪሰማኝ ድረስ ጮህኩ። እሱ ምን ተዳው፤ የፈለገውን አግኝቷል፣ ደጅ ቆሞ ልጅቷን ይጠብቃል።

ትንሿ እህቴ ልብሷን ፌስታል ውስጥ ስትከት ላግዛት ሄድኩ። ቀሚሷን ከእጄ ቀማችኝ።

«እማ አልቋል ስትል አንቺም አልቋል ብትዪ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

አልተቆጣችኝም። በእርግጥ ማወቅ ፈልጋ የጠየቀችኝ ነበር የምትመስለው፤ ቆማም መልሴን ጠበቀች። አጎቴ ከደጅ ሁለተኛ ሲጠራት ፌስታሏን ይዛ ወጣች።