የጠፋችው ልጅ ጌም

ቢሮዬ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ማጓራት ሲጀምር ወገዳ ከተማ የነበረው የልጅነት ቤታችን ይታወሰኛል። ያኔ ታላቅ ወንድሜ ሳይነግረን ከቤት ከወጣ ወራት አልፈው ነበር። እኔ በአባቴ ላፕቶፕ የመርማሪ ጌም እጫወታለሁ፤ በተዝረከረኩ ክፍሎች የተደበቁ ዕቃዎችን እየለቀምኩ የጠፋች ልጅ እፈልጋለሁ። እሷን ካገኘኋት ወንድሜም የሚመጣ መስሎኝ ነበር። የመጨረሻው በር ሲከፈት ክፍሉ ባዶ ሆነ፤ ስክሪኑ «ጨዋታው አልቋል» ብቻ ይላል። ጮኼ አለቀስኩ። እናቴ ሮጣ መጣች።

«ምን ሆንሽ?»

«ሁሉን ፈልጌ ልጅቷ የለችም!»

እናቴ አጠገቤ ቁጭ አለች። «መርዶው እንኳ ቢመጣልኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።»

ጌሙ ውስጥ ማን እንደሞተ ግራ ገብቶኝ አየኋት።

ወንድሜ እንደወጣ ቀረ። እናቴ አሁንም እየደወለች «ወሬ አለ?» ትለኛለች።

«የለም፣ እማ» እላታለሁ።