የታጠበ ጆንያ

እናቴ ጆንያ ማጠብ ስትጀምር ልንሄድ ነው ማለት ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ደርቆ ተራግፎ ሲያልቅ እርሻው ላይ ባዶ ጆንያ ይተርፋል። እናቴ ሦስት አራቱን ለምና ታመጣና በርሜል ውስጥ ዘፍዝፋ ታጥባቸዋለች፤ ከዚያ አጥሩ ላይ ታሰጣቸዋለች። ሳምንት ሳይሞላ ልብሳችን፣ ድስታችንና የአባቴ ማጭድ እዚያ ውስጥ ገብተው እኛም የትራክተር ተሳቢ ላይ እንጫናለን። አንዱን ዓመት ቁረይሻ፣ አንዱን ባሱንዳ፤ በጋውን ደግሞ ገዳሪፍ ከተማ፣ አባቴ እህል ገበያ ሸክም የሚሠራበት ሰፈር። ወላጆቼ ከጎንደር ቆላ ድንበር ተሻግረው ወደ ሱዳን የመጡት እኔ ሳልወለድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መሻገሩን አልተዉትም።

እንዲህ ያደገ ሰው ምን ዓይነት ሰው ይወጣዋል ብትሉኝ እኔን እዩ። አዲስ ሰፈር በገባሁ ቀን ማን ተማቺ እንደሆነች፣ ማን ቶሎ እንደምታለቅስ፣ የትኛዋ ሴትዮ ለሰው ልጅ ቁራሽ እንደማትነፍግ ለይቼ አድራለሁ። ለመላመድ የሚቀድመኝ የለም። ለመለያየትም ዘዴ ነበረኝ። ስንብት አልወድም፤ ማልቀስ ደግሞ ከዚያ ይብስብኛል። ስለዚህ ጆንያው አጥር ላይ ሲሰጣ የቅርብ ጓደኛዬን ፈልጌ እጣላታለሁ። ሰበብ አላጣም። ትራክተሩ ሲነሳ አኩርፌ ስለምቀመጥ ዞር ብዬ የማየው ሰው አይኖርም።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ ባሱንዳ ነበርን። እዚያ ጓደኛዬ የባለሱቁ ልጅ ነበረች፤ ሱዳናዊት ናት፤ ዐረብኛ አፌን የፈታሁት በእሷ ነው። ስሳሳት እየሳቀች ታርመኛለች፣ ፀጉሬን ትጎነጉንልኛለች። አንድ ቀን ከውሃ ስንመለስ ጀሪካናችንን አውርደን ጥላ ሥር ተቀመጥን። ያኔ እስካሁን ሌሊት ሌሊት ፍራሽ ላይ ሽንቷ እንደሚያመልጣት ነገረችኝ። ከእናቷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ጆንያዎቹን አጥሩ ላይ ባየሁ ማግስት፣ ውሃ መቅጃው ጋ፣ ሴቶቹ ልጆች ሁሉ ተሰልፈው ሳሉ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩባት። እሷው ባስተማረችኝ ዐረብኛ። ልጆቹ ሳቁ። እሷ አላለቀሰችም፤ ጀሪካኗን ግማሽ እንደሞላ አንሥታ ሄደች። እኔም አበቃ፣ ተገላገልኩ ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ ጆንያዎቹን ተርትራ እርስ በርስ እየሰፋቻቸው ነበር። ለደጃፉ ዳስ ነው አለችኝ፤ አባቴ በጋውንም ክረምቱንም እርሻውን እንዲጠብቅ ስለተቀጠረ ዘንድሮ የትም አንሄድም።

«ታዲያ ለምን ተጣላኋት?» አልኳት።

እናቴ ስለምን እንደማወራ አልገባትም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ነገ ትታረቃላችሁ ብላ መስፋቷን ቀጠለች። አልታረቅንም። ዓመት ሙሉ በደጃችን ውሃ ይዛ አለፈች፤ እኔ ከዚያ የጆንያ ዳስ ሥር ሆኜ አየኋት፤ እሷ ግን አንድም ቀን ቀና ብላ አላየችኝም። ይኸው እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ያኔ እናቴ እጄን ይዛ ደጃቸው ብታደርሰኝ ኖሮ እላለሁ። ግን እሷም የማንንም ደጅ ለምዳ አታውቅ፣ ምን ታድርግ።

አሁን ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ተከራይተን እንኖራለን፤ ባለቤቴ ብረት ይበይዳል። የሚያነሣን እርሻ የለም፣ የሚጭነን ትራክተር የለም። ሆኖም ከተጋባን ወዲህ ስድስት ቤት ቀይረናል፤ ስድስቱንም ያስቀየርኩት እኔ ነኝ። አንዱን ዓመት ሁሉንም ጥዬ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ በር ላይ ሻይ ሳፈላ ከረምኩ። ግድግዳ ላይ ምስማር አልመታም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ደኅና ነኝ፤ ከዚያ እሾህ ላይ የተቀመጥኩ ይመስል መቁነጥነጥ ይጀምረኛል። አከራይዋ ነገረኛ ትሆንብኛለች፣ ውሃው ይርቀኛል፣ የጎረቤት ፍየል ሳይቀር ዓይኗ ያስጠላኛል። ባለቤቴ፣ ሰፈሩ ስምሽን በለመደ ማግስት ትለቂያለሽ እያለ ይቀልድብኛል። ቀልዱን ጨርሶ ዕቃ ይሸከማል።

ባለፈው ወር ያው አመሌ ተነሣብኝ። እንደ ሁልጊዜው ከእህል ገበያ አራት ጆንያ አምጥቼ አጠብኩና አጥሩ ላይ አሰጣሁ። ለባለቤቴ ገና አልነገርኩትም ነበር። ዘጠኝ ዓመቷን ለያዘችው ልጄማ ጭራሽ አልነገርኳትም።

አጥር የሚለየን ጎረቤቶች ጦርነቱን ሸሽተው ከካርቱም የመጡ ናቸው። የእነሱ ልጅና የእኔዋ ከአንድ ሳህን ነው የሚበሉት። በዚያ ቀን ልጄ ከእነሱ ቤት በምሳ ሰዓት ተመለሰች፤ ከዚያ በፊት በጊዜ መጥታ አታውቅም።

«ኸላስ፣ አበቃ፣ ተጣልተናል» አለችኝ።

ጓደኛዋን ምን እንዳለቻት ስጠይቃት ሳትደብቅ ነገረችኝ። ቤታችሁን ጥላችሁ የሸሻችሁ፣ ወደመጣችሁበት ሂዱ ብላታለች። ልመታት እጄን አነሣሁ። ለምን እንዲህ አልሽ ስላት በአገጯ ወደ አጥሩ አመለከተችኝ።

«ጆንያ አጥበሻል አይደል?»

እጄን መለስኩ። ማንም አልነገራትም፤ እንደ እኔው ራሷ ደርሳበታለች። አመሌ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ከእኔ ጋር የሚያልፍ።

«አንሄድም» አልኳት፤ ከአፌ ወጣ እንጂ አስቤበት አልነበረም።

ትክ ብላ አየችኝ። አላመነችኝም፤ ልታምነኝም አይገባትም። ከዚያ ወደ ጎረቤቶቹ ቤት ዞረች።

«ታዲያ ለምን ተጣላኋት?»

ነጠላ እንኳ አልደረብኩም። እጇን ይዤ አጥሩን ዞርንና አንኳኳሁ። በሩን የከፈተችው የልጅቱ እናት ናት፤ ፊቷን ሳይ መስማቷን አወቅኩ። ልጄ ቀሚሴ ኋላ ተሸሸገች። ባሱንዳ በተማርኩት ዐረብኛ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ ይህን የተማረችው ከእኔ ነው አልኳት። ሴትየዋ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አጥሩ ላይ የተሰጡትን ጆንያዎች አየች።

«ልትለቁ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አይ፣ አንለቅም» አልኩ። በዚያ ቀን ይህን ስል ሁለተኛዬ ነው።

«ኢትፈደሉ» ብላ አስገባችን።

ክፍሏ ውስጥ አልጋው ሥር ሻንጣዎቻቸው እንደታሰሩ ተደርድረዋል። እሷ አስተያየቴን አየችና፣ እኛ መሄጃ ብናገኝ በእግራችንም እንሄድ ነበር አለችኝ። ሻይ ቀዳችልኝ፤ እንደ ልማዴ ፉት ፉት ብዬ ልነሣ አሰብኩ፤ ጉልበቴ ራሱ አላርፍ አለኝ። ልጄ ከጓደኛዋ ጎን ተቀምጣለች፣ ግን የምታየው እሷን ሳይሆን እኔን ነው፤ እነሣ እንደሆነ ትጠብቃለች። ሁለተኛ ብርጭቆ ተቀዳልኝ፣ ጠጣሁ። ሦስተኛም ተቀዳልኝ። ልጄ ዓይኗን ከእኔ ላይ አንሥታ ወደ ጓደኛዋ እስክትዞር ድረስ ተቀመጥኩ።