የድሮ ነው ያልኩት ዜማ

ይህን ነገር እስካለፈው ወር ድረስ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም፣ ልጆቼ አያውቁም፣ በየሰርጋቸው ያስጨፈርኳቸው ሰዎችም አያውቁም። አንባቢዬ፣ ላንተ ልንገርህ። እኔ የሰው ዜማ ሰርቄያለሁ። ከስርቆቱም የባሰ አድርጌያለሁ።

የዜማው ባለቤት ሴኞር አዴሊኖ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ከፖርቱጋል፣ ከሊዝበን መጥተው፣ ለንደን ሆቴል ውስጥ ሳህን እያጠቡ ፋዶ የሚባለውን የአገራቸውን እንጉርጉሮ ይደርሱ ነበር። በኋላ ካምደን ውስጥ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ፣ ትንሽ ቢሮ ከፈቱ። የራሳቸውንም የሌሎችንም ዜማ በኖታ እያሳተሙ ለዘፋኞች ይልካሉ። እኔ በሥራ ቀናት እሽጋቸውን በቫን አደርሳለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሰርግ ላይ እዘፍናለሁ።

በፋዶ ወግ ማንም ዘፋኝ በሰው ዜማ ላይ የራሱን ግጥም መግጠም ይችላል፤ ግን መጀመሪያ የደራሲውን ስም ይጠራል። ሴኞር አዴሊኖ በዚህ ቀልድ አያውቁም። የሞተ ደራሲ ስም የዘለለ ዘፋኝ ከቢሯቸው ሲያባርሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ አላወቅሁም ልበል? እኛም ዘንድ መንዙማ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል፣ ዜማው የማን ነው የሚል የለም እያልኩ ራሴን ሳሞኝ ኖሬያለሁ። የዚህ ዜማ ባለቤት ግን ጊታር ይዘው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር።

ዜማውን የሠሩት ለሞቱት ሚስታቸው ነው። የሚመጥን ግጥም ስላጡለት ሳያሳትሙት ቆዩ። ሻይ ሲጠጡ ይጫወቱታል፤ እኔ እሽግ እየጫንኩ እሰማለሁ። አንድ ቀን እየነዳሁ ሳንጎራጉረው የአማርኛ ግጥም መጣልኝ። ፈጠን አደረግሁትና የሙሽራ ዘፈን ሆኖ አረፈው። ግጥምና ዜማ በሚለው ላይ የራሴን ስም አስገብቼ ለቀቅሁት። ሰው አበደለት። የአገሬ ሰው በሚበዛበት በዊልስደን ሰፈር ያለሱ ሰርግ አልደምቅ አለ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

አንድ ሰኞ ቢሮ ስገባ ሴኞር አዴሊኖ ፊታቸው ጠቁሮ ጠበቁኝ። ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ፣ አንድ ሱቅ በር ላይ ዜማቸውን ሰምተዋል። ድምፄን አልለዩትም። ሻጩ የኢትዮጵያ ዘፈን ነው ብቻ ብሏቸዋል። አሁን ሊያዋርዱኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ራሳቸውን መክሰስ ጀመሩ።

«ጀማል፣ የአገርህ የድሮ ዘፈን ነው እንዴ? ሆቴል ስሠራ ካንዱ ሰምቼው፣ በኋላ የራሴ መስሎኝ ይሆን?»

እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል?

«አዎ፣ የድሮ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜማውን አልነኩትም። የሰው ነው ብለው ተዉት። ሚስታቸውን የሚያስታውሱበትን ነገር ከእጃቸው ነጠቅሁ፤ ሰውዬውንም በራሳቸው ዓይን ሌባ አደረግኋቸው። ማንም አልገፋፋኝም። እኔ ነኝ ያደረግሁት፤ አድርጌም ስንት ዓመት ሙሉ በዚያው ዜማ ተጨበጨበልኝ።

ባለፈው ወር መታመማቸውን ሰምቼ ቤታቸው ሄድኩ። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«እርግጠኛ ነህ? ከማንም አልሰማሁትም?»

«ከማንም አልሰሙትም። የእርስዎ ነው።»

አለቀሱ። የተናደዱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ደስታ ነው። ንዴቱ ኋላ መጣ፤ በማላውቀው ቋንቋ ሰድበው ሰድበው በሩን አሳዩኝ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም። አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ መውረጃዬን አለፍኩ።

በማግስቱ ስሜን ከዜማው ላይ አስወጥቼ የእሳቸውን አስገባሁ። እንደ ውለታ እንዳትቆጥርልኝ፤ የሰረቀ ቢመልስ ምን ይመሰገናል? ይቅርታም አልለመንኳቸውም። ያጠፋሁባቸውን ዓመታት በምን አፌ ይማሩኝ እላለሁ?

ትናንት ሴት ልጃቸው ደወለችልኝ። አባቷ እንዳልመጣ አዘዋል፤ ዓይኔን ማየት አይፈልጉም። እሺ አልኳት። ከኋላዋ ጊታር ይሰማ ነበር፤ ያ ዜማ ነው፣ ሳይቸኩል፣ ሲሠሩት እንደነበረው። ስልኩን እስክትዘጋ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ሰማሁ።