ድራፍት በሁዳዴ

ኮሌጅ እያለሁ የቅርጫት ኳስ ውድድር የሚጧጧፈው ሁልጊዜ ሁዳዴ ላይ ነበር። ጓደኞቼ ከጨዋታ በፊት ዶሮ በፓስታ ሲበሉ እኔ ሩዝ በሽሮ ይዤ አውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አሠልጣኟ ሽሮውን አየት አድርጋ፣ "ይሄ ነው የሚያሮጥሽ?" ትለኛለች። እዚያው ወንበር ላይ ስልኬ ላይ ግጥም እሞክር ነበር። ያስተማረኝ ሰው ስለሌለ፣ ቤት እንዲመታልኝ ብዬ ብዙ ውሸት ጽፌያለሁ። ኮሌጁን እስክጨርስ ያየሁት ዓለም ጂም፣ አውቶቡስና የእናቴ መኪና ነው።

የምጫወተው ጋርድ ሆኜ ነው፤ ኳሷን እየነዳች ጨዋታውን የምትመራዋ ማለት ነው። እናቴ ይህንኑ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ስትነግር አንዷ፣ "ሺፍቷ የቀን ነው የማታ?" አለቻት። ከዚያ ወዲህ ስለ ኳስ ቤት ውስጥ ብዙም አላወራም።

በመጨረሻው ዓመት ኤጀንት ያዝኩ። እውነቱን ነገረኝ፤ እዚህ የምንኖርበት የፈረንጅ አገር ክለቦች ላይመርጡኝ ይችላሉ፣ ግን ፖላንድ ያለ አንድ ቡድን ቪዲዮዬን አይቶ ወዶኛል። ቢሆንም ድራፍቱን፣ ክለቦች ተመራቂ ተጫዋቾችን የሚመርጡበትን ቀን፣ ለመጠበቅ ወሰንኩ።

ሌክ ሃይላንድስ የሚባለው ሰፈር ያለው አፓርታማችን ስደርስ እናቴ ከሆስፒታል ሥራዋ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

"እማዬ፣ ድራፍት ልሞክር ነው። ማለቴ፣ ባይሳካም።"

"ድራፍት? በሁዳዴ?"

"አዎ፣ ሁሌም በዚህ ሰሞን ነው።"

ጫማዋን መልሳ አጠለቀችና ወጣች። በመስኮት ሳይ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ስልክ ታወራለች። ከሥራ የጠሯት መሰለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን መጡ። ሌላ ጊዜ ታክሲ ይነዳሉ። መኪናቸውን የማይቆምበት ቦታ ፓርክ አድርገው ስለነበር ቸኩለዋል።

"ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትጠጪው?"

"ምኑን አባ?"

"ድራፍቱን ነዋ! ደግሞ ባይሳካም እሞክራለሁ ብለሻታል አሉ። ድራፍት ምኑ ነው የማይሳካው?"

ሳቄ አመለጠኝ። ቢራ ሳይሆን የተጫዋቾች ምርጫ መሆኑን ሳስረዳቸው እሳቸውም እስኪያስላቸው ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ጎንበስ ስልላት እያለቀሰች ግንባሬን ሳመችኝ።

"ስለቴ ሰመረ" አለች።

ለካ ያን ቀን መኪናው ውስጥ ተስላ ኖሯል። ልጄ መጠጡን ከተወችልኝ ዓመት ሙሉ ከመዘምራን ጋር ቆማ ታገለግላለች ብላ።

"እማዬ፣ እኔ እኮ ጠጥቼ አላውቅም።"

"ይኸው! አትጠጪም።"

"ያልጀመርኩትን እንዴት እተዋለሁ?"

"እሱን ለሰሚው ተዪለት።"

ወደ አባ ዞርኩ። "እርስዎ ይንገሯት እንጂ። ፖላንድ ከተቀበሉኝ ኦገስት ላይ መሄድ አለብኝ።"

አባ የመኪናቸውን ቁልፍ እያገላበጡ እሷንም እኔንም አዩ። "ስለት ከባድ ነገር ነው" አሉ። "ለአሁኑ ታገልግል። እናያለን።"

በእኛ ቤት "እናያለን" የተባለ ነገር ታይቶ አያውቅም።

በድራፍቱ ስሜ አልተጠራም። ከፋሲካ በኋላ ኤጀንቴ ኮል ሲያደርግ እኔ ሳሎኑ መሃል የመዘምራን ቀሚስ ለብሼ ቆሜያለሁ። ረጅም የተባለው እንኳ ባቴ ላይ ስለቀረ እናቴ ተንበርክካ ጨርቅ ትቀጥልበታለች። የቀሚሱ ጎንም በስፒል ተይዟል፤ ክንዴን ዝቅ ባደርግ ይወጋኛል። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት። ፖላንዶቹ መልስ የሚፈልጉት ዛሬ ነው፤ ካልሆነ ሌላ ጋርድ አለቻቸው። ሁለቱንም እጆቼን እንደተከላካይ ዘርግቼ፣ በእንግሊዝኛ እሄዳለሁ አልኩት።

እናቴ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። "እሺ አልሽው?"

"እሺ አልኩት።"

"በስለት ይቀለዳል?"

"አልቀለድኩም፣ እማዬ። መጫወት እፈልጋለሁ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ስፒሎቹን መልሳ በከንፈሯ ያዘች፤ የቀሚሱን ጫፍ ወደ ታች ሳብ አደረገችው።

"ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አለች በጥርሷ መሃል።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ።