ለዝናብ የተቀመጠው ጣሪያ

እናቴ ዝናብን የተማረችው ቴፒ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በቡና እርሻው ውስጥ ቡና ስታሰጣ፣ ደመናው ገና ከጫካው ጀርባ ሳለ ሽፋኑን የምትጎትት ሴት ነበረች። ቤታችንም በዚያው ደንብ ይተዳደር ነበር፤ ፀሐይ ሳለ የደጅ ሥራ፣ ሲዘንብ የቤት ውስጥ ሥራ። ልብስ የሚታጠበው ጠዋት፣ ምስር የሚለቀመው ከሰዓት። ይህን ያፈረሰ ሰው ከምላሷ አያመልጥም።

ዓይኗ እየጠፋ መሆኑን የጅማው ሐኪም ሲነግረን አላለቀሰችም። “ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ጎንደር ውሰደኝ” አለችኝ። ጎንደር የእናቷ አገር ነው፤ እሷ ግን ቴፒ ተወልዳ አንድም ቀን አላየችውም። አያቴ ጣሪያው ሙሉ መላእክት ስለተሳሉበት ቤተ ክርስቲያን እያወራች ነበር ያሳደገቻት። ማየት የፈለገችው እነሱን ብቻ ነው።

አስተማሪ ስለሆንኩ የሄድነው ትምህርት ሲዘጋ፣ በክረምት ነው። በአውቶቡስ ተንገላተን ስንደርስ ለከተማው የተረፈን አንድ ቀን ብቻ ነበር። ጠዋት ሰማዩ ወለል ብሎ ነጋ።

“እማዬ፣ በቀጥታ ወደ መላእክቱ እንሂድ” አልኳት።

በሆቴሉ በር ቆማ አየሩን አሸተተች። “ከሰዓት ይዘንባል። ግንቡን ማየት ደጅ ደጁን መዞር ነው፣ እሱ አሁን ይሁን። ቤተ ክርስቲያኑ ለዝናቡ ይቀመጥ።”

በዝናብ ነገር ተሳስታ አታውቅም፤ እሺ አልኩ። ፀሐዩን በግንብ ጨረስነው። ዳገቱን ክንዴን ይዛ ወጣች፤ ድንጋዩን በእጇ ዳበሰችና “ጥሩ ነው” አለች፣ ላለማስቀየም ያህል። ያንን ጠዋት ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዝናቡም እንዳለችው መጣ። ጫማችንን አውልቀን ስንገባ ውስጡ ድንግዝግዝ ብሏል፤ መብራትም አልነበረም። እኔ እንኳ ቀና ብዬ ፊቶቹን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ለእኛ ጣሪያ የዝናብ መከለያ ነው፤ ለመታየት ፀሐይ የሚፈልግ ጣሪያ እንዳለ ማናችንም አላሰብንም።

“የታሉ?” አለች።

“ከላይሽ ናቸው፣ እማዬ።”

ወደ ላይ አንጋጣ ብዙ ፈለገች። እስኪያባራ ብንጠብቅም አላባራም፤ ዘበኛው ሊዘጋ ቁልፉን ይዞ መጣ።

“ወዴት ነው የሚያዩት?” አለችኝ።

“ወደ ታች። ወደ እኛ።”

ነጠላዋን አስተካከለች። “እንግዲያው እነሱ ይዩኝ” ብላ፣ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ቆመች። ዘበኛው በሩን ይዞ ጠበቃት።