«አንገቴን ብቻ ነው»

ሚሊ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሲቆርጥ የኖረበት ልብስ ስፌት ቤት ያወጣለት ነው። መቀሱ ከጠመኔው መስመር አንዲት ሚሊሜትር ስቶ አያውቅም ይባላል። ባዩም በአብዛኛው ራሱ ነው።

በሙያው ግን ማንም አይደፍረውም። ደንበኛ ገና በሩን ሲያልፍ የቱ ትከሻው እንደወደቀ፣ የቱ ዳሌው እንደወጣ፣ ጀርባው የት ላይ እንደጎበጠ አይቶ ጨርሷል። አይቶ ግን አይናገርም። መለኪያውን ከደረት ወደ ክንድ እያዞረ ስለ አየሩ ያወራና ወረቀቱ ላይ፣ ከትከሻው ልክ አጠገብ፣ አንዲት ነጥብ ጣል ያደርጋል። ሰፊዎቹ ነጥቧን ያውቋታል፤ በዚያ በኩል ስፖንጅ ይጨምራሉ። ደንበኛው መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ቀጥ ብሎ ሲያገኘው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። የሰው ገላ ጉድለት አይጠየቅም፣ አይነገርም፣ ይሸፈናል፤ የቤቱ ሕግ ይህ ነው። ሕጉን ለገባ ሠራተኛ ሁሉ የሚያስተምረው ደግሞ ሚሊ ነው።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ ከሚስቱ ጋር የኦስቲዮፓቷ፣ አጥንትና ጡንቻ በእጇ የምታክመው ባለሙያ፣ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ስድስት ወንበር፣ አንድ የውሃ ማጣሪያ፣ ግድግዳው ላይ ከራስ ቅል እስከ ጅራት አጥንት የሚወርድ የአከርካሪ ሥዕል። ሚሊ ሥዕሉን ላለማየት ብሎ የጫማውን ክር ያያል።

ፍርሃቱ ሁለት ነበር። አንደኛውን ሚስቱ ታውቀዋለች። የስፌት ቤቱ ልብስ ተኳሽ፣ ካውያው ከእጁ ወሬው ከአፉ የማይለይ ሰው፣ «አጎቴን እኮ አንድ ወጌሻ አንገቱን ጠምዝዞ ቀጭ አደረገው፤ እስከ ዛሬ ከአልጋ አልተነሳም» ብሎታል። አጎትየው አንዳንድ ቀን ጎረቤት ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን የተኳሹ ሚስት ወንድም። ሚሊ ግን ጆሮው ውስጥ የቀረው ያች «ቀጭ» ብቻ ናት።

«ወጌሻ አይደለችም አልኩህ» አለች ሚስቱ በሹክሹክታ። ባለፈው ዓመት ወገቧን ይዟት እዚሁ አራት ጊዜ ተመላልሳ ተሽሏታል። «ተምራው ነው። መጀመሪያ ትጠይቅሃለች፣ ከዚያ ቆመህ ተቀምጠህ ታይሃለች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ሳትነግርህ፣ አንተም እሺ ሳትል አትነካህም። በእጇ ነው የምትሠራው፤ ጡንቻውን ታሻለች፣ መገጣጠሚያውን ቀስ አድርጋ ታንቀሳቅሰዋለች። እኔን በማግስቱ ሰውነቴን አመመኝ፣ ጋደም አልኩ፣ በቃ።»

«ቀጭ አላለም?»

«አንዴ ብሏል። አጥንት ሲሰበር አይደለም አለችኝ፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለ አየር ነው።»

«ይኸው!»

«አልሞትኩም እኮ፣ አንተ ሰውዬ! አጠገብህ ተቀምጫለሁ።»

ሁለተኛውን ፍርሃት ግን ማንም አያውቀውም። ቀኝ እጁ እየከዳው ነው። ጣቶቹ ከደነዘዙ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፤ ሐርና ሱፍ መለየት ትተዋል። መቀሱ ሁለት ጊዜ ከእጁ ወድቋል፤ ሁለቱንም ጊዜ የተራገመው ጠረጴዛውን ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ እግሩ ወለሉን በደንብ አያገኘውም፤ ደረጃ የሚወርደው ግድግዳ ይዞ ነው። ሚስቱ ያየችው አንገቱን ሲያሻሽ ስለሆነ የመጣው ለአንገቱ ነው። ስለ እጁ ትንፍሽ ካለ የመቁረጫ ጠረጴዛው የሌላ ሰው ይሆናል፤ ያለ ጠረጴዛው ደግሞ ሚሊ ማን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ስለዚህ በሆዱ ይዞት መጣ። አንገቱ ሲስተካከል እጁም ተከትሎት ይመለሳል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብሎ ነው። ባለሙያ ከሆነች ደግሞ ሳይነግሯት ታየዋለች፤ እሱ ስንቱን ሳይነግሩት አይቷል!

ተጠራ። ሚስቱ ልትከተለው ስትነሳ «ልጅ ነኝ እንዴ?» ብሎ አስቀራት።

ኦስቲዮፓቷ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት፤ ጥፍሯን አሳጥራ የቆረጠች፣ ንግግሯ ዝግ ያለ። ሚሊ ገና ሲገባ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ነበር፤ እሷ ግን አልነካችውም። ተቀምጣ ጻፈች። ሥራው ምን እንደሆነ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚያጎነብስ፣ ወድቆ ያውቅ እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ አሁን የምጠይቅዎት ከአንገት ጋር የማይገናኝ ሊመስልዎት ይችላል። አንገት ላይ ከመሥራቴ በፊት ግን ማወቅ አለብኝ። እጅዎ ይደነዝዛል?»

«የለም።»

«ዕቃ ከእጅዎ ያመልጥዎታል?»

«ኧረ በፍጹም።»

«አረማመድዎስ? ይንገዳገዳሉ? ሽንት መቆጣጠር ያስቸግርዎታል?»

«ጤነኛ ነኝ፣ ልጄ። አንገቴን ብቻ ነው።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸ።

«ጥሩ። ሸሚዝዎን ያውልቁና አቋቋምዎን ልይ።»

ሚሊ የሸሚዙን ደረት ይዞ አንዴ ሳብ ሲያደርገው ከላይ እስከ ታች ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ኦስቲዮፓቷ ብዕሯን አቆመች። ሰባቱም ቁልፎች በቦታቸው ተሰፍተው ይታያሉ። ቀረብ ብላ አየችው። ቁልፎቹ ለመልክ ናቸው፤ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል። ከሥራቸው ሲጫኑት የሚገጥም የብረት ቁልፍ ተደርድሯል፣ የሕፃናት ልብስ ላይ እንደሚደረገው ያለ። ሚሊ ምሳ ሰዓት ላይ ሰው በሌለበት በስፌት ቤቱ መግጠሚያ የሠራው ነው። ሸሚዞቹን ሁሉ እንዲህ ካደረገ ወዲህ ራሱ ያጥባቸዋል፤ ሚስቱ ከዕድሜ በኋላ ልብ ገዛ ብላ ተደስታ ነበር።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ይፈጥናል» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

እጁን በፍጥነት እየጨበጠ እንዲዘረጋ ነገረችው። ግራው እንደ ልቡ ሆነለት፤ ቀኙ ስድስት ላይ ሲደርስ ተንቀረፈፈ፣ ጣቶቹ እንደ ተጨበጡ ቀሩ። በቀጥታ መስመር እንዲራመድ ስትለው የምርመራ አልጋውን ያዘ። ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ ስታደርገው እግሩ ያለ ፈቃዱ ተወረወረ፤ ወንበሯን ሊመታ ምንም አልቀረው። ውስጥ እግሩን ጫር ስታደርገው አውራ ጣቱ ወደ ላይ ቀና አለ። ምን ማለት እንደሆነ አላወቀም። ፊቷን ግን አወቀው። ሠላሳ ዓመት ደንበኛ ሲለካ ራሱ የሚያሳየው ፊት ነው፣ ያዩትን አይተው ዝም የሚሉበት። አሁን ስለ አየሩ ልታወራኝ ነው ብሎ ጠበቀ።

አላወራችም።

«ጋሼ፣ ዛሬ አንገትዎን አልነካም» አለችው።

ትነካኛለች ብሎ ሲንቀጠቀጥ የመጣ ሰው፣ አልነካህም ስትለው ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። «ለምን? እችለዋለሁ እኮ! ቀጭም አድርጊው፣ ግድ የለኝም!»

«አላደርገውም። የእኔ ሥራ የተያዘ መገጣጠሚያና ጡንቻ በእጅ ማላላት ነው፤ ብዙ ሰው በዚያ ይሻለዋል። የእርስዎ ግን እሱ አይመስለኝም። ከአንጎል ወደ እጅና እግር የሚወርደውን ኅብለ ሰረሰር አንገትዎ ላይ የተጫነው ነገር ያለ ይመስለኛል። እርግጡ በምርመራ ነው የሚታወቀው። እንዲህ ያለ አንገት ባጣምም ግን ልጎዳዎት እችላለሁ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ስልክም እደውላለሁ።»

ሚሊ አልጋውን አየው። ያ ሸሚዝ ባያሳብቅበት ኖሮ ይኼኔ እዚያ ላይ ተጋድሞ፣ አንገቱን በእጇ ይዛለት፣ እሱም «አንገቴን ብቻ ነው» እያለ ይሆን ነበር። የተኳሹን አጎት አሰበው።

«እጄ ይመለሳል?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። ብዙ ጊዜ ሕክምናው የሚያደርገው እንዳይብስ ማቆም ነው። የሄደው ሁሉ ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም። ለዚህ ነው ሐኪሞቹ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በትክክል ማወቅ ያለባቸው። ባለቤትዎን ልጥራቸው?»

አይሆንም ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ በእሺታ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

ሚስቱ ገባች። ደረቱ እንደተራቆተ አልጋው ጠርዝ ላይ ኩርምት ብሎ ስታየው በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ኦስቲዮፓቷ ጥያቄዋን ደገመች።

«እጅዎ መደንዘዝ የጀመረው መቼ ነው?»

«ስምንት ወሩ ነው።»

«ምን እያደረጉ አወቁት?»

ሚሊ ወለሉን አየ። «የልጃችን ልጅ የተወለደች ሰሞን» አለ። «አምጥተው እጄ ላይ አደረጓት። በዓይኔ አያታለሁ፣ በእጄ ግን የለችም። ልጥላት ነው ብዬ ወዲያው መለስኳት።»

ሚስቱ አፏን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሕፃኗን አንድ ቀን ታቅፏት አያውቅም። ጉንፋን ይዞኛል ብሏል፣ እጄ ጠመኔ ነው ብሏል፣ ሲመጡ ሥራ አለብኝ ብሎ ወጥቷል።

«ልጅህ እኮ» አለች ሚስቱ። «ልጅህ ‹አባዬ ልጄን ጠልቷታል› ብላ እኮ ነው ቤት መምጣት የተወችው። ምን ብዬ ልመልስላት? እኔም መስሎኝ ነበር።»

ሚሊ ይህን አያውቅም ነበር። ሲፈራ የከረመው ለጠረጴዛው ነው፤ ሌላ የሚያጣው ነገር እንዳለው አላሰበም።

«ፈርቼ ነው» አለ። «አሁንም ፈርቻለሁ።»

ኦስቲዮፓቷ ስልኩን አንስታ ዕድሜውንና ያየችውን ለሆስፒታሉ ትነግር ጀመር፤ ዛሬ፣ አዎ፣ ዛሬውኑ፣ ትላለች። ሚስቱ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ሚሊ ዝቅ ብሎ ሲመለከት ቀኝ እጁ በሁለት እጆቿ መሃል ነበር። መቼ እንደያዘችው አላወቀም።